መኪናው ይምጣ ወይስ በርሜሉ ይሂድ?

«ታፔላ የለህ፣ ግቢ የለህ፤ ባጃጅ ላይ በርሜል ጭነህ ስትዞር ትውላለህ። ይሄም ሥራ ሆኖ!»

ታፔላ መኪና አጥቦ አያውቅም። የሚያጥበው እጅ ነው፤ እጅ ደግሞ ባለቤቱ በሄደበት ይሄዳል።

«አበው ግን ዞሮ ዞሮ ከቤት ብለዋል።»

ብለዋል። ቤቱን ከመጥራታቸው በፊት ግን ሁለቴ አዙረውታል።

ፍኖተ ሰላም ወይም ቡሬ ላይ የመኪና እጥበት ሊጀምር ያሰበ ወጣት ይህን ሙግት ከአጎቱም፣ ከጓደኛውም፣ ከብድር ዋሱም አፍ መስማቱ አይቀርም። አንዱ «አስፋልት ዳር ቦታ ተከራይና ላቫጆ ክፈት» ይለዋል፤ ሌላው «ማሽንህን ጭነህ ደንበኛው ደጅ ድረስ ሂድ» ይለዋል። ልጁ መሃል ላይ ቆሞ ሲያመነታ ያጠራቀማት ገንዘብ በኑሮ ታልቃለች። ስለዚህ መልሴን አላቆይም፦ ፍኖተ ሰላም ላይ ተንቀሳቃሽ፣ ቡሬ ላይ ቋሚ፣ ወንዝ ውስጥ ግን በጭራሽ። ያልተስማማ ይናገር።

«መሃላቸው ማንኩሳ ብቻ ላለችባቸው ጎረቤት ከተሞች ሁለት ዓይነት ፍርድ?»

ከተሞቹ ጎረቤት ናቸው፤ መኪኖቻቸው ግን አይተዋወቁም። ፍኖተ ሰላም የምዕራብ ጎጃም ዞን ዋና ከተማ ናት። የመምሪያው ፒክአፕ፣ የሆስፒታሉ ላንድክሩዘር፣ የባንክ ሥራ አስኪያጁ ቪትዝ ጧት ገብቶ ይቆማል፤ ባለቤቱ እስከ ማታ ስብሰባና ፊርማ ላይ ነው። ቀኑን ሙሉ ቆሞ የሚውል መኪና ወደ ላቫጆ የሚሄድበት ጊዜ የለውም። ላቫጆው ወደ እሱ ቢመጣ ግን እምቢ አይልም።

ቡሬ ሌላ ናት። ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ አድርጎ ባሕር ዳር የሚገባው አስፋልት ላይ ናት፤ ዓባይን ተሻግሮ ነቀምት የሚያደርሰው መንገድም የሚገነጠለው ከእሷ ነው። በ2013 ዓ.ም. የተመረቁት የቡሬ የተቀናጀ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክና የፊቤላ ዘይት ፋብሪካ ደግሞ ያለ ከባድ መኪና አይኖሩም። በቆሎና በርበሬ የጫነው አይሱዙም፣ ረጅሙ ተሳቢም እዚያ ያልፋል። ሹፌሩ የሚበላበት፣ የሚያድርበት፣ ጎማ የሚያስለጥፍበት ቦታ የታወቀ ነው፤ ላቫጆህን ከዚያ ጎን ትከል። «የለም፣ ተሳቢውንም ደጁ ድረስ ሄጄ አጥባለሁ» ካልክ ደጁ ሞጆ ነው፤ ስንቅ ያዝ።

«ጋሼ፣ ተንቀሳቃሽ እኮ ኪራይ የለበትም። ጥርት ያለ ትርፍ ነው።»

ኪራይ የለበትም፤ ክብደት ግን አለበት። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው። 200 ሊትር የሚይዘው በርሜል ሲሞላ 200 ኪሎ ጭነሃል፤ ማሽኑ፣ ቱቦው፣ ሳሙናውና አንተ ስትጨመሩበት ባለሦስት እግሯ ጭነቷ ሞልቷል። «1,000 ሊትር ሮቶ እጭናለሁ» የሚል ካለ አንድ ቶን እንደሚጭን ይወቀው። ያ የጭነት መኪና ሥራ ነው፤ የጭነት መኪና ያለው ሰው ደግሞ እህል ቢጭን ይሻለዋል።

ቀጥለህ ደቂቃውን ቁጠር። ትንሿ የግፊት ማጠቢያ ማሽን በደቂቃ ስምንት ሊትር ያህል ትረጫለች። አንድ በርሜል ማለት ቃታው ተይዞ የሚቆይበት 25 ደቂቃ ነው። ለአንድ የቤት መኪና ስድስት ሰባት ደቂቃ ርጭት ይበቃል፤ ሳሙና መቀባቱና በጨርቅ መወልወሉ ውሃ አይቆጥርም። ስለዚህ በአንድ በርሜል ሦስት፣ ቢበዛ አራት መኪና ታጥባለህ። በሐምሌ ከገጠር የወጣ አይሱዙ ግን ያንን በርሜል ብቻውን ጨርሶ ገና ግማሽ ጎኑ ቀይ ነው። ተንቀሳቃሽ ሥራ የትንሽ መኪና ሥራ ነው የምለው ለዚህ ነው።

«ውሃው ባለቀ ቁጥር ስመላለስ ቤንዚኑ ትርፌን አይበላውም?»

ይበላዋል፤ ቤንዚን በሃይላንድ በሚሸጥበት ቀን ደግሞ አንተንም ይበላሃል። መድኃኒቱ ቀጠሮ ነው። አንዱን መኪና ከሆስፒታሉ፣ አንዱን ከከተማው ዳር፣ ሌላውን ከጂጋ መንገድ አትቅጠር። ለአንድ ቀን አንድ ግቢ ያዝ፤ የቆሙትን መኪኖች ሁሉ እዚያው አጥበህ ውጣ። ከግቢው ቧንቧ በርሜል ለመሙላት ዋጋውን አስቀድመህ ተነጋገር። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ደግሞ ማታ ሞልተህ እደር።

«የቢሮ መኪና ስንት ነው? በእሱ ብቻ ትዳር ይያዛል?»

በትዳርማ ነው የሚያዘው! ጥር መጥቶ፣ ወይም ፋሲካ አልፎ፣ ጎጃም ውስጥ ሠርግ ያልተጠራ ሰው ፈልግ። ሚዜዎቹ መኪናውን ከተማ ላይ አሳጥበው፣ አበባ ለጥፈው ያስነሱታል። ከኩች ወይም ከሽንዲ ወዲያ ወዳለ ቀበሌ በጠጠር መንገድ ይወርዳል። ነጭ ሆኖ ወጥቶ ቀይ ሆኖ ይደርሳል፤ የሙሽሪት ቤተሰብ የሚያየው ቀዩን ነው። ቋሚው ላቫጆ እዚህ ላይ ምን ይሠራል? ጧት አጥቦ ሸኝቷል፤ ድርሻው አልቋል። በርሜል የጫነው ልጅ ግን ከአጀቡ ጋር ወርዶ፣ ሙሽሪት ቤት ሊደረስ ጥቂት ሲቀር መኪኖቹን ጥላ ሥር አቁሞ፣ አቧራውን በውሃ አውርዶ፣ ኮፈኑንና መስታወቱን ወልውሎ፣ የተነቀለውን አበባ መልሶ ያስገባቸዋል። እልልታው ሲቀልጥ የእሱም እጅ አለበት። ገጠር ያለች እናት ልጇን የሚወስዳት መኪና ንጹሕ ሆኖ ደጇ ሲቆም ማየቷ ትልቅ ነገር ነው፤ ይህን አገልግሎት ከዛሬ ጀምሮ የሚይዝ ወጣት ቢኖር ደስ ይለኛል።

«ዓቢይ ጾም ሲገባስ? ሠርግ እኮ ይቆማል።»

ሠርግ ይቆማል፤ ባጃጅ አይቆምም። ባጃጅ ነጂው ለባለንብረቱ የቀን ገቢ አለበት፤ በጠራራ ፀሐይ ተሳፋሪ ጥሎ ወረፋ አይጠብቅልህም። ማታ ግን ብዙዎቹ ባጃጆች ማሳደሪያ ግቢ ይሰበሰባሉ። ዘበኛ አለ፣ መብራት አለ፣ ብዙ ጊዜ ቧንቧም አለ። በሳምንት አንድ ሌሊት ከግቢው ባለቤት ጋር ተዋውለህ ብትገባ ደንበኛ ፍለጋ አትንከራተትም፤ ነጂውም ጧት የሚነሳው ንጹሕ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነው።

«ክረምት ላይስ? ዝናቡ በነጻ ያጥብ የለም እንዴ?»

ዝናቡ ኮፈኑን ያጥባል፤ ጭቃው የሚመጣው ከታች ነው። ሆኖም አንድ እውነት አለ። ከሰኔ እስከ መስከረም ሜዳ ላይ ቆሞ ማጠብ ይከብዳል፤ ቆርቆሮ ጥላ ያለው ቋሚ ላቫጆ ያኔ ይበልጥሃል። አንተ በክረምት ወደ ውስጥ ግባ። ምንጣፉ ረጥቦ ይሸታል፣ የወንበሩ ጨርቅ ይሻግታል፣ ጋቢናው ውስጥ ጫማ ያስገባው ጭቃ ደርቆ ይሰነጠቃል። አቧራ መምጠጫ፣ ብሩሽና ደረቅ ጨርቅ ይዘህ ከጋራዥ ጣራ ሥር የምትሠራው ሥራ ብዙ በርሜል አይፈልግም፤ የሚከፈልበትም ከውጭ እጥበቱ ይበልጣል።

«ለምን ይህን ሁሉ ውሃ እንሸከማለን? ላህ አጠገባችን አይደል? መኪናውን ወንዝ አውርዶ ማጠብ ነው። ውሃው እንደሆን የእግዜር ነው።»

ውሃውማ የእግዜር ነው፤ የተቃጠለው ዘይት ግን የአንተ ነው።

እዚህ ላይ ቸኩዬ አላልፍም። ላህ የፍኖተ ሰላም ጎረቤት ነው፤ የላህ ውሃ ወደ ብር ወንዝ፣ የብር ውሃ ወደ ዓባይ ነው። ቡሬና ጥሊሊ አካባቢ ያለው ፈጣምም መጨረሻው ዓባይ ነው። አንተ መኪናውን ውሃው መሃል አቁመህ ሻሲውን ስትፍቅ፣ የሞተር ዘይቱ፣ ግሪሱ፣ የፍሬኑ ትቢያና ኦሞው አብሮ ይወርዳል። ከታች ገበሬው በሬውን ያጠጣል፣ ልጅ ይዋኛል፣ ሴቶች በጀሪካን ይቀዳሉ። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ተቋም እንደሚለው ከአንድ መኪና የአንድ ጊዜ ዘይት ለውጥ የወጣ የተቃጠለ ዘይት አንድ ሚሊዮን ጋሎን ንጹሕ ውሃ ሊበክል ይችላል፤ ወደ 3.8 ሚሊዮን ሊትር መሆኑ ነው። ያን የሚያህል ውሃ ለማበላሸት ፋብሪካ አያስፈልግም፤ አንድ የሚያንጠባጥብ አይሱዙና አንድ ግድ የሌለው አጣቢ ይበቃሉ።

«እዚህ ማን ይቀጣኛል?»

ሕጉ አለ። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ከወጣ ቆይቷል። አዲስ አበባም በ2017 ዓ.ም. ወንዝ በሚበክል ሰው ላይ ቅጣት የሚጥል ደንብ አውጥታለች። እሺ፣ ላህ ዳር ቆሞ የሚቀጣህ ሹም አይኑር እንበል። ያን ውሃ የሚጠጣው ግን ያንተው የአጎት ልጅ ነው። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ሲባል ኖሯል፤ ውሃ እያለው የሚጠጣው አጣ እንዳይባል ደግሞ እኛ እንጠንቀቅ።

«ቋሚው ላቫጆስ? አጥቦ ቱቦ ውስጥ ይለቀው የለ? ቱቦው ደግሞ ያው ወንዝ ይገባል።»

ይህን ያልክ አፍህ ይባረክ። ልክ ነህ፤ ቦታ መከራየት ብቻውን ከኃጢአቱ አያነጻም። ቋሚ ላቫጆ የሚባለው ሦስት ክፍል ያለው የማጣሪያ ጉድጓድ ሲኖረው ነው። ወለሉን ሲሚንቶ አድርገህ ወደ አንድ ጥግ ታዘነብለዋለህ። የመጀመሪያው ጉድጓድ ውስጥ አፈሩና ጠጠሩ ይዘቅጣል። ሁለተኛው ውስጥ ዘይቱ ከላይ ይንሳፈፋል፤ ወደ ሦስተኛው የሚያሻግረውን ቱቦ አፉን ወደ ታች አጥፈህ ስታስገባው የሚያልፈው ከሥር ያለው ውሃ ብቻ ይሆናል። የተንሳፈፈውን ዘይት በየጊዜው ቀድተህ በጀሪካን ታጠራቅማለህ፤ ዝቃጩን ትዝቃለህ። ጡብ፣ ሲሚንቶ፣ ቱቦና አንድ ጎበዝ ግንበኛ ነው የሚፈልገው። ለወጣቶች ማኅበር ቦታ የሚሰጥ ቢሮ ይህን ጉድጓድ ሳያይ ፈቃድ መስጠት የለበትም ብዬ አምናለሁ። ተንቀሳቃሹም ነጻ አይደለም፦ የሚያንጠባጥብ ሞተርና የከባድ መኪና ሻሲ አይንካ፤ እነዚህ ማጣሪያ ወዳለበት ይሂዱ። እሱ አካሉንና ውስጡን በጥቂት ውሃና በመኪና ሻምፖ ያጥብ፣ ውሃውንም አፈር ወደሚመጠው ቦታ ያውርደው፤ ጉድጓድ ውሃ ወዳለበት ግን አይሁን።

«የቡሬ ሹፌር ሻሲው ላይ ናፍጣ ካልተረጨለት መኪናው የታጠበ አይመስለውም።»

ስለማይመስለው ነው የሚረጭለት? ናፍጣ ለጥቂት ሰዓት ያብለጨልጫል። ከዚያ ጎማ የሆነውን ሁሉ፣ ጎሚኒውንም፣ ያሳብጠዋል፣ ያላላዋል፤ አቧራም ይስባል። ጥሊሊ ሳይደርስ ሻሲው እንደገና ቀይ ለብሷል። ሹፌሩን በእውነት መጥቀም ከፈለግህ ግሪስ ስጠው። በከፍተኛ ግፊት የሚረጭ ውሃ ኩሽኔታና መገጣጠሚያ ውስጥ ያለውን ግሪስ ያስወጣል፤ አጥበህ ሳትቀባ የላክኸው መኪና በረሃ ላይ መንጫጫት ይጀምራል። እጥበትና ግሪስ አብረው የሚሠሩት ለዚህ ነው። ለግሪሱ ደግሞ መኪና ሥር የሚገባበት ጉድጓድ ወይም መወጣጫ ያስፈልጋል፤ ያንን ባጃጅ ላይ መጫን አይቻልም። ቡሬን ለቋሚ የሰጠሁት በዚህም ነው።

«ቋሚውን ካልክ ኪራዩን ማን ይችለዋል?»

ኪራዩን በስሜት አትመልከተው፤ አካፍለው። ከአንድ መኪና እጥበት ላይ ሳሙናውን፣ ውሃውን፣ መብራቱንና የአጣቢውን ድርሻ ቀንስ። የቀረችህ የወር ኪራዩ አንድ መቶኛ ከሆነች፣ በወር መቶ መኪና የምታጥበው ለአከራይህ ነው፤ ለራስህ ማጠብ የምትጀምረው ከመቶ አንደኛው ነው። እሑዱንና በዓላቱን አውጥተህ መቶውን መኪና በሥራ ቀኑ አካፍለው። ቀጥለህ ሳትዋዋል በፊት ቦታው ላይ ሄደህ ቁም፤ ጧትም ማታም፣ በገበያ ቀንም በአዘቦትም የሚቆመውን መኪና ቁጠር። የሚያልፈውን አትቁጠር፤ ያለፈ መኪና አቧራውን ነው የሚሰጥህ።

«ዱባይ የነበረ የአክስቴ ልጅ ባልዲና ጨርቅ ብቻ ይዞ መኪና ማቆሚያ ውስጥ እያጠበ ነው ብር የላከው።»

ክብር ለእሱ። የዱባይ መኪና ግን ብዙውን ጊዜ ከአስፋልት አይወርድም። የእኛው ላይ የደረቀው ቀይ አፈር በደረቅ ጨርቅ ከተፈተገ ቀለሙ ይጫራል፤ ብርሃን ሲያርፍበት ጭረቱ ክብ ክብ ሆኖ ይታያል። መጀመሪያ ውሃ፣ ቀጥሎ ሳሙና፤ ከላይ ጀምረህ ወደ ታች። አንድ ባልዲ ለሳሙናው፣ አንድ ባልዲ ስፖንጁን ለማለቅለቂያ። የቸርኬው ስፖንጅ ኮፈኑን እንዳይነካ። ጥላ ፈልግ፤ ፀሐይ ላይ ሳሙናው ደርቆ ነጠብጣብ ይተዋል። ኦሞ ደግሞ ሰሙን ገፎ ቀለሙን እያደበዘዘ ይሄዳል፤ ለሸሚዝ ነው የተሠራው።

«ፈረንጅም የጀመረው በቋሚ ነው።»

አዎ፣ በ1914 እ.ኤ.አ. ዲትሮይት ውስጥ «አውቶሞቢል ላውንድሪ» የሚባል ተከፍቶ ነበር፤ መኪናው በሰው እጅ እየተገፋ ከአንዱ አጣቢ ወደ ሌላው ያልፍ ነበር። ዲትሮይት የመኪና ፋብሪካ ከተማ ናት። መኪናው በሞላበት ቋሚ ይሁን፤ እኔስ ቡሬን ምን አልኩ?

«አሁን ደግሞ የኤሌክትሪክ መኪና መጣ፤ ሥራው ሊያልቅለት ነው።»

የኤሌክትሪክ መኪና ቤንዚን አይጠጣም እንጂ ጭቃ አይፈራም። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ የሚጨምረው እሱ ነው። የሚቀርብህ የሞተር እጥበቱ ገቢ ነው። ኮፈኑን ከፍተህ ውሃ አትርጭበት፤ የቻርጅ መሰኪያውን አካባቢም በግፊት አትምታው።

«ይህ ሁሉ መንገድ ሲከፈት ነው። ሲዘጋስ?»

ይህን የጠየቀ ሰው አገሩን ያውቃል። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ መንገድ ተዘግቶ የዋለባቸውን ቀናት የጎጃም ነጋዴ አይረሳም። መንገድ ሲዘጋ የቡሬው ላቫጆ ባዶውን ይውላል፤ ኪራዩ ግን አይዘጋም። ስለዚህ የዓመት ኪራይ በአንድ ጊዜ አትክፈል፤ በወር ተዋዋል፣ መንገድ በተዘጋበት ጊዜ ኪራዩ እንዲቀነስ ውሉ ላይ አስጽፍ። ማሽንህ ሁለት ሰው ተሸክሞ ቤት የሚያስገባው ይሁን። ሲሚንቶ ወለልና ማጣሪያ ለመሥራት ከሦስት ከአራት ጓደኞችህ ጋር ተዳበል፤ ብቻህን ተበድረህ አትግባበት። ተንቀሳቃሹም ባጃጅ እንዳይንቀሳቀስ በተባለ ቀን ቤቱ ይቀመጣል፤ ዕዳ ከሌለበት ግን ተቀምጦ ያድራል፣ ተሸጦ አያድርም።

«እኔ ልጄን አስተምሬ ለመኪና አጣቢነት አላሳደግሁትም።»

እሜቴ፣ እርስዎ ያሳደጉት ለፍቶ እንዲበላ ነው። ያስተማሩት ሒሳብ በርሜሉን በደቂቃ ሲያካፍል፣ ኪራዩን በመኪና ሲያካፍል ይውላል። ዲግሪውን ይዞ አጥር ሥር ከሚቀመጥ፣ እጁን አርጥቦ ማታ ለእርስዎ ቡና የሚገዛ ልጅ ይሻላል። «አጣቢ» ብሎ የሚጠራው ቢኖር ስሙን ይንገረው፤ ስም አለው፣ እርስዎ ነዎት ያወጡለት።

«አንድ የመጨረሻ፣ ጋሼ። ደንበኛው ተመልሶ መጥቶ “መኪናዬን ጫርኸው” ቢለኝስ?»

ሳትነካው በፊት ከባለቤቱ ጋር መኪናውን አንድ ጊዜ ዙረው። የቆየውን ጭረት አሳየው፣ በስልክህ አራቱንም ጎን አንሳ፣ ቁልፍና ውድ ዕቃ ጋቢና ውስጥ እንዳይተው ንገረው። ጫርከው ከሆነ ደግሞ «ጭሬዋለሁ» በልና በፖሊሽ የሚወጣ ከሆነ አውጣለት፤ የማይወጣ ከሆነ ቀለም ቀቢ ዘንድ ወስደህ ከኪስህ ክፈል። ፍኖተ ሰላም ትንሽ ከተማ ናት፤ ባንክ ቤት በር ላይ የከፈልከው እስከ መናኸሪያ ይሰማል።